ፈረሱ ያለበት ሸክላ

ያኔ አልገዛችሁትም፤ ዛሬ ብትለምኑኝ ደግሞ የለኝ።
አንድ ነው የቀረኝ፣
ዳሩ የተሸረፈ፤ እሱም እኔው ዘንድ ይቅርልኝ።

ሽፋኑን የሣልኩት እኔ ነኝ፣ የቤዝ ጊታሪስቱ የቪቶልድ ታናሽ እኅት፣
ቢቶም ከተማ፣ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ፣ አባቴ ሌሊት ፈረቃ በገባበት ዕለት።
ፈረስ ነበር የሣልኩት፤
ቅድመ አያቴ ሦስት መቶ ሜትር ከምድር በታች የነዳው፣
ፉርጎ ሲጎትት አርጅቶ፣ ፀሐይ እንደናፈቀ ዓይኑ የጠፋው፣
ስሙ በማዕድኑ መዝገብ ከሰው ተርታ የገባው።

በከሰል ነው የሣልኩት፤ ሌላ ቀለም ከገበያ ጠፍቶ፣
ከሰል ግን ተርፎ፣ በጥፍር በአንገት ገብቶ።
ማተሚያ ቤቱ አምስት መቶ ሽፋን ላከልን፣ ቀለሙን አብዝቶ፤
ፈረስ የለ፣ ልጓም የለ፣ ጥቁር ብቻ ተቀብቶ።
«ግሩም!» አለ አሎይስ፣ ዘፋኛቸው፣
«ከዚህ ወዲያ ሄቪ ሜታል ከየት መጥቶ!»
እኔ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ
አለቀስኩ፣ ማንም እንዳይሰማኝ ውኃውን ከፍቼ።

*

ሦስት ሌሊት ተሰጣቸው፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት፣
የመንደር ዘፈን በሚቀዳበት ስቱዲዮ፣ ራዲዮኑ በማይፈልገው ሰዓት።
መቅረጫው ዘንድ ወይዘሮ ገርትሩዳ ተቀምጣለች፣
ማሽኑ እስኪሞቅ ሹራብ ትሠራለች።
«ክር የለም» አለች።
«የሹራቡ?» አለ ኤርቪን።
«የእናንተ» አለች።

አዲስ ክር ከመጣ ዓመት ሆኖታል፤ ሱቁም ሀገሩም ባዶ።
ከመደርደሪያው ጥግ አንድ አሮጌ ክር ወረደ፣ በአቧራ ተጋርዶ፤
የማዕድን ሠራተኞች ሚስቶች ለትንሣኤ የዘመሩበት።
«ይቅር ይበሉኝ» ብላ አማተበች፤ በላዩ ቀዳችበት።

ኤርቪን ከጉድጓድ ወጥቶ ነው የመጣው፣ ፊቱን ሳይታጠብ፤
ጥቁር ላቡ ከቅንድቡ ድራሙ ላይ ጠብ፣ ጠብ።
በሦስተኛው ሌሊት፣ አምስተኛው ዘፈን ላይ፣ ተቀምጦ እንቅልፍ ጣለው።
እጁ ግን አልተኛም።
ያ ወደ ኋላ የሚንገዳገድ ምት፣
ኋላ ጋዜጣ ላይ «ድፍረት ያለበት ፈጠራ» ያሉት፣
ፈጠራ አይደለም፤
የደከመ ሰው በሕልሙ ከሰል ሲፈልጥ ነው የሰሙት።

ሁለተኛው ዘፈን መሐል ደግሞ አሎይስ ይስላል።
«እንድገመው?» አለች ገርትሩዳ። ክሩ ሊያልቅ ነው፣ መስኮቱ ነግቷል።
«ተዪው፤ ከአባቴ የወረስኩት እሱን ብቻ ነው፤ ይግባ» ብሏል።

*

ቀጣዩን አልበም በርሊን ቀዱት፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ቤት፤
ሳል የለ፣ እንቅልፍ የለ፣ ምቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት።
ማንም ሁለቴ አልሰማውም።

እናቴ ግን የመጀመሪያውን አትወደውም ነበር፤
«በርሜል ከደረጃ ሲንከባለል» ነበር የምትለው።
አንድ እሑድ ድንች ስትልጥ፣
ሦስተኛው ዘፈን አልቆ አራተኛው ሳይጀምር፣
ቢላዋዋን አስቀመጠች።
«ዝም በሉ።»
ከዝምታው ሥር፣ ከመርፌው ጭርታ በታች፣
ቀጭን ድምፅ አለ፤ ሴቶች ናቸው፣ ከሩቅ፣
ተደምስሰው ያልተደመሰሱ።
«ይቺ ሂልዳ ናት» አለች፣ «አሁንም ከዜማው ትወጣለች።
ከጎኗ ያለችው ደግሞ…»
አልጨረሰችውም። «መርፌውን መልሺው» አለች።
ስምንት ጊዜ መለስኩት።
ድንቹ ጠቆረ።

*

ጉድጓዱ ዛሬ ተዘግቷል፤ ውኃ ሞልቶታል።
ኤርቪን ጆሮው አይሰማም፤ ሙዚቃ ሲኖር
መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያዳምጣል።
ከኦሳካ አንድ ሰው በየዓመቱ ይደውልልኛል፣
«ጥቁሩ ምን ማለት ነው?» ይለኛል።
ዋጋ ጨምርበት እንጂ አልነግርህም እለዋለሁ፤
ቢጨምርም አልነግረውም።

ማታ ማታ ሽፋኑን መብራት ሥር አጋድሜ እይዘዋለሁ፤
ቀለሙ በወፈረበት፣ ብርሃኑ በተንሸራተተበት በኩል
አንድ ጆሮ ይታያል፣
የቆመ፣
ወደ ሸክላው የዞረ።